ከ«አይዞህ» እስከ ኬታሚን፦ ስለ ልጆች ስብራትና ሕመም

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ደውሎ «ስለ ሙያችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት ነበር። እሱን ግን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ መምህራን አሉን፤ ደግሞም ባለፉት ዕትሞች ተጽፏል። ስለዚህ አንድ የዲዩቲ ሌሊት ጀምሮኝ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ጥያቄ ልጽፍ ወሰንኩ። ጥያቄው አጭር ነው። ክንዱ የተሰበረ ልጅ አጥንቱ ሲቃና ለምን ያለ ማደንዘዣ እንይዘው ነበር?

«እንይዘው ነበር» ያልኩት አውቄ ነው። እኔም ይዣለሁ።

ኢንተርን ሳለሁ፣ ኢመርጀንሲ ተረኛ በነበርኩበት ምሽት የሰባት ዓመት ልጅ መጣ። የሆስፒታሉን ስም እዚህ አላነሣም፤ በዚያ ዘመን የትኛውም ቢሆን ልዩነቱ ብዙ አልነበረም። ልጁ ከዘይቱን ዛፍ ላይ ወድቆ የግራ ክንዱ ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረው እጁ ጎብጧል። ሬዚደንቱ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና «ይሄ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አለ። ኦፕሬሽን ክፍሉ በሌላ ታካሚ ተይዟል፤ የሰመመን ባለሙያውም እዚያው ነው። እናትየውን በሩ ውጪ አስቀመጥናት። የጥበቃ ሠራተኛው እግሩን ያዘ፣ አንዲት ነርስ ክርኑን ያዘች። «አንቺ ደግሞ ትከሻውን አጥብቀሽ ያዢ» ተባልኩ፤ ያዝኩ።

ልጁ መጀመሪያ ጮኸ። ቀጥሎ እናቱን ጠራ። ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን ነገር አለ፦ «ተሽሎኛል! በእናታችሁ ልቀቁኝ፣ ተሽሎኛል!»

ጥበቃው ሳቀ። እኔ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አንተ ጎበዝ አይደለህ» እያልኩ ትከሻውን ተጫንኩ። በእውነት ሁለት ደቂቃ ያህል ነበር የወሰደው። ከጄሶው በኋላ የተነሣው ራጅ አጥንቱ ቀጥ ብሎ መቀመጡን አሳየ፤ ሬዚደንቱም እጁ ጥሩ እንደነበር አልክድም። «እኔንም በልጅነቴ ወጌሻ ነው ያሸኝ፣ ያውም ሦስት ቀን እየተመላለሰ» አለኝ እጁን እየታጠበ። ካርዱ ላይ አጥንቱ መቃናቱን፣ ጄሶ መታሰሩን፣ የጣቶቹን ሙቀትና እንቅስቃሴ ጻፍኩ። ስለ ሕመም አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ የምጽፍበት ቦታም አልነበረም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሊዶኬይን ከእኛ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። እዚያው ሌሊት የአንድ ሰካራም ጎልማሳ ግንባር ስሰፋ ከዚያው አውጥቼ ወግቼዋለሁ።

ልጁ ለክትትል አልተመለሰም። ጄሶውን የት እንዳስፈቱለት አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሰመመንን ታሪክ ስንማር የሚነገረን ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም በኤተር ስላሳየው ትርኢት ነው። ከእሱ በፊት በ1842 ጆርጂያ ውስጥ ክሮፎርድ ሎንግ የተባለ የገጠር ሐኪም ኤተርን ለቀዶ ሕክምና ተጠቅሞበት ነበር፤ ያሳተመው ግን በ1849 ነው። ከዘረዘራቸው ሕሙማን መካከል ሁለት ጣቶቹ የተቆረጡ አንድ ጥቁር ልጅ አለ። ዘመኑ የባርነት ዘመን ነው። ሎንግ አንዱን ጣት ልጁን በኤተር አደንዝዞ፣ ሌላውን ያለ ኤተር ቆረጠና በአንደኛው ልጁ ምንም እንዳልተሰማው፣ በሁለተኛው እንደተሠቃየ ጻፈ። ሰመመን ሠሪው ኤተሩ ይሁን ወይስ ሌላ ነገር ለመለየት ማነጻጸሪያ ያስፈልግ ነበርና ማነጻጸሪያው የልጁ ሌላ ጣት ሆነ። የሕፃናት ሕመም ሕክምና ገና ሲጀመር እንዲህ ነው የጀመረው። ይህን ተማሪዎቼ ፊት ሳነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከሎንግ ጽሑፍ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1848፣ እንግሊዝ ውስጥ ኒውካስል አጠገብ ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ሞተች። የተሠራላት የእግር ጥፍር መንቀል ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሌላውን ጥፍሯን በኤተር ነቅለውላት ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ የሰጧት ግን ሲምፕሰን በ1847 ኤዲንብራ ላይ ያስተዋወቀውን ክሎሮፎርም ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አለቀች። በክሎሮፎርም የመጀመሪያዋ የተመዘገበች ሟች እሷ ናት። ሲምፕሰን «የገደላት ሊያነቃቋት አፏ ውስጥ የጨመሩት ውኃና ብራንዲ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ጆን ስኖው ደግሞ ክሎሮፎርሙ ልቧን አቁሞባት ነው አለ። ስኖው ያው የኮሌራው ስኖው ነው፣ የለንደኑን የውኃ ቧንቧ ታሪክ በኤፒዲሚዮሎጂ ክፍል የተማርንለት። የሚደንቀው ግን ስኖው ራሱ ከዚያ በኋላ ክሎሮፎርምን ለሕፃናት፣ አንድ ዓመት ላልሞላቸው ጨቅላዎች እንኳ ሳይቀር ብዙ ጊዜ መስጠቱ ነው። መጠኑን እየለካ፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን እየተከታተለ ነበር የሚሰጠው።

ይህን የማነሣው ታሪክ ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ አይሄድም ለማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ስኖው ጨቅላ ሕፃን ሕመም እንደሚሰማው አልተጠራጠረም። ጥርጣሬውን ያመጡት ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ያውም በሳይንስ ስም ነው። ጀርመናዊው ፍሌክሲግ የጨቅላ ሕፃን የነርቭ ሽፋን ገና እንዳልተሟላ አሳየ። ይህ ትክክል ነበር። በ1941 ማርትል መክግሮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ሕፃናትን በመርፌ ጫፍ እየነካች ገና የተወለዱት አንዳንዶቹ ምላሽ እንደማያሳዩ ጻፈች። ከዚህ በመነሣት «ሽፋኑ ካልተሟላ ሕመሙ አይደርስም፤ ቢደርስም አያስታውሱትም» የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። የሕመም መልእክት ከሚያስተላልፉት ነርቮች ብዙዎቹ በአዋቂም ሽፋን የሌላቸው መሆናቸውን ማንም ተማሪ ያውቃል፤ ሁለቱን አገናኝቶ የጠየቀ ግን ጠፋ። በ1968 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማስታገሻ እምብዛም እንደማያስፈልጋቸው ተጻፈ። ምክንያቱም አይጠይቁም!

ልጅ ለምን እንደማይጠይቅ የገባት ነርስ ናት። ጆአን ኢላንድ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ ከባልደረባዋ ጋር በ1977 ባሳተመችው ጥናት 25 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ልጆች በሆስፒታል ቆይታቸው ሁሉ በድምሩ 24 ጊዜ ብቻ ማስታገሻ እንደተሰጣቸው፣ 13ቱ ጨርሶ እንዳልተሰጣቸው አሳየች። ተመሳሳይ ችግር የነበረባቸው 18 አዋቂዎች የተሰጣቸው 671 ጊዜ ነው። ልጆቹ ዝም ያሉት ማስታገሻ ማለት መርፌ ስለነበረ ነው። «ያምሃል ወይ?» ተብሎ «አዎ» ያለ ልጅ ይወጋል። እዚህ ጋ የእኔ ልጅ «ተሽሎኛል» ማለቱ ትዝ ይለኛል።

ቀሪውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ አንዲት እናት ያለ ጊዜው የተወለደው ልጇ ደረቱ ሲከፈት ሰውነቱን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቶት፣ የሕመም ማደንዘዣ ሳይሰጠው እንደተሠራ ልጇ ከሞተ በኋላ አወቀችና ዝም አልልም አለች። በዚያው ጊዜ ኦክስፎርድ የነበረው ሕንዳዊው ሐኪም አናንድ፣ ጨቅላዎች ለተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ፌንታኒል ሲጨመርላቸው የጭንቀት ሆርሞናቸው እንደሚቀንስ፣ ችግርም እንደሚያንስባቸው በ1987 ላንሴት ላይ አሳተመ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አቋሙን የቀየረው በዚያው ዓመት ነው። 1987! እኔና የክፍሌ ልጆች ያን ጊዜ ጨቅላ አልነበርንም፣ ፊደል ቆጥረናል።

የትልቁ ቀዶ ሕክምና ጉዳይ እንዲህ ሲፈታ ትንሹ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ስብራት ማቃናት፣ ከአጥንት ላይ ሽቦ መንቀል፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለ ፈሳሽ መቅዳት፣ ጄሶ መፍታት። «የሁለት ደቂቃ ሥራ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ኦፕሬሽን ክፍል አይገቡም፣ የሰመመን ባለሙያ አይጠራላቸውም፣ ስለዚህ ሕመማቸውን በኃላፊነት የሚይዘው ማንም የለም። በእኔ እምነት ችግሩ ከመድኃኒት እጥረት ይልቅ እዚህ ላይ ነው ያለው። እጥረት የለም አላልኩም፤ ገጠር የሠራችሁ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ግን እስቲ የነበረንን እንቁጠር።

የጄሶ ፋሻን ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም ማታይሰን በ1850ዎቹ መጀመሪያ አስተዋወቀው። ሎሬንዝ በህለር ቪየና ውስጥ በ1925 በተከፈተው የአደጋ ሆስፒታሉ የስብራት ሕክምናን ሥርዓት ሲያስይዝ አንዱ ዘዴው ማደንዘዣን በቀጥታ ስብራቱ ውስጥ በተጠራቀመው ደም ውስጥ መውጋት ነበር። አንድ መርፌ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፤ ሌላ ነገር አይፈልግም። ቢየር በደም ሥር በኩል አንድን ክንድ ብቻ የማደንዘዝ ዘዴውን ያቀረበው በ1908 ነው። ሊዶኬይንን ስዊድናዊው ሎፍግሬን በ1943 ሠራው፤ ከ1948 ጀምሮ ገበያ ላይ ዋለ። እኔ ያን ልጅ በያዝኩበት ሌሊት በህለር ሲጠቀምበት የነበረው ዘዴ የአያቴን ያህል ዕድሜ ነበረው። የሚያስፈልገኝ የልጁን ኪሎ ማወቅና በኪሎ ከ4.5 ሚሊግራም አለማለፍ ብቻ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ኬታሚን አለ። በ1962 አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ1964 ሚሺጋን ውስጥ በፈቃደኛ እስረኞች ላይ ተሞከረ፤ በ1970 ተፈቀደ። ታካሚው ዓይኑን እንደገለጠ፣ እየተነፈሰ፣ ከአካባቢው ግን ተለይቶ ስለሚሄድ ለሁኔታው ስም ያጡ ተመራማሪዎች «የተለያየ» የሚለውን ቃል ያገኙት ከአንደኛው፣ ከዶሚኖ ሚስት ነው ይባላል። ለእኛ አገር ዓይነት ሆስፒታል የተሠራ ነው የሚመስለው። ኦክስጅን በሌለበት ይሰጥ ለማለት አይደለም፤ ግን የደም ግፊት አይጥልም፣ ትንፋሽ በአብዛኛው አያቆምም፣ በጡንቻም ይሰጣል። በ1998 በ260 ልጆች ላይ የተሠራ የአሜሪካ ጥናት ለስብራት ማቃናት ኬታሚንን ከፌንታኒል ጋር አነጻጽሮ ኬታሚን ሕመሙንም ጭንቀቱንም የተሻለ እንደሚቀንስ፣ የትንፋሽ ችግሩም እንደሚያንስ አሳይቷል። በ2009 የ8,282 ልጆችን መረጃ ያሰባሰበ ሌላ ጥናት ደግሞ የአየር መንገድና የትንፋሽ ችግር በ3.9 ከመቶው ላይ እንደታየ አገኘ። ያ ቁጥር ዜሮ አይደለም። ስለዚህ አምቡ ቦርሳና ማስክ በእጅ ሳይያዝ፣ ልጁን ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው ሳይመደብ አይሰጥም። የሃና ግሪነርን ስም ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ለዚህ ነው፤ ትንሽ ሥራ ማለት ትንሽ ሰመመን ማለት አይደለም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። (ኬታሚን ከመስጠታችሁ በፊት ለእናትየው ንገሯት። ዓይኑ ተከፍቶ ሲዋልል፣ ስትጠራው ሳይመልስ ስታይ «ልጄ ሞተ» ብላ የጮኸች እናት አጋጥማኛለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መድኃኒቱን አዘጋጅቼ እሷን ማዘጋጀት ረሳሁ።)

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ ስለ ወጌሻ ሳይነሣ የስብራት ታሪክ የለንምና። አያቴ ሰፈር የነበሩት ወጌሻ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ቅቤ ያስቀልጣሉ፣ ያሻሉ፣ ልጁን ስለ ከብቶቹ እያጫወቱ ድንገት ይስባሉ፣ ከዚያ በቀርከሃ ያስራሉ። «ይህ ልጅ ወንድ ነው» ይላሉ ላልጮኸው፤ ለጮኸውም «እሰይ፣ ይውጣልህ» ይሉታል። ይህቺን ሁለተኛዋን እኛ አልተማርናትም። ሰው ሆስፒታል ትቶ ወጌሻ ጋ የሚሄደው ስለማያውቅ ነው እንላለን። ሳጠያይቅ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፦ ጄሶ ይፈራል፣ «ይቆርጡታል» ይባላል፣ ገንዘቡ ይከብዳል፣ ወጌሻው ጎረቤት ነው። አንዲት እናት ደግሞ «እዚያ እኔ ጭኔ ላይ ይዤው ነው፤ እናንተ ጋ በር ዘጋችሁብኝ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሌላ በኩል ግን ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የስንቱን ልጅ እጅ እንዳሳጣ የአጥንት ክፍል የሠራ ሁሉ አይቷል። እጁ ጠቁሮ ሲመጣ ቤተሰቡ «ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ ነበር፣ ስብራት ነው ብለን» ይላል። በ2005 አንድ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ወጌሾችን ለአንድ ቀን ብቻ አሠልጥኖ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱን በእንግሊዞች የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ አሳትሟል። ከወጌሻ ጋር ተጣልቶ ከመኖር ማስተማሩ እንደሚሻል በበኩሌ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

እዚህ ጋ ሁላችንም የምናውቀው ክርክር ይመጣል። «ማስታገሻ ከሰጠነው የጡንቻ እብጠቱን፣ የደም ዝውውሩን መታገድ ይሸፍንብናል። ሕመሙ ምልክታችን ነው።» ይህን ከከበሩ መምህሮቼ ሰምቻለሁ፤ ከባዶ ሜዳም የመጣ አይደለም። ፎልክማን በ1881 የገለጸው የእጅ መኮማተር በጊዜው ካልተደረሰበት ልጁን ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ያደርገዋል። ግን በ2001 የቦስተን ሐኪሞች እንዲህ ያለ እብጠት የገጠማቸውን ልጆች መዝገብ መርምረው ያገኙት ተቃራኒውን ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉ ቀድሞ የታየው፣ የደም ዝውውሩ ከመቀየሩም ሰዓታት አስቀድሞ፣ የልጁ የማስታገሻ ፍላጎት እየጨመረ መሄድ ነበር። ትናንት ማታ በአንድ መጠን የተኛ ልጅ ዛሬ በሁለት እጥፍ ካልተኛ ጄሶውን ክፈት ማለት ነው። ይህን ምልክት ለማየት ግን መጀመሪያ ማስታገሻ መስጠት፣ ቀጥሎ የሰጠኸውን መመዝገብ አለብህ። ምንም ያልተሰጠው ልጅ ከመጀመሪያውም ይጮሃል፣ በመጨረሻም ይጮሃል፤ ልዩነቱን ማን ይሰማዋል? ሕመሙን ሳናክም ሕመሙን ምልክት አደረግነው፤ ምልክቱንም አላነበብነውም።

ስለ መድኃኒት ምርጫ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ስዊድን ካሉ ባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን የጉበት ኢንዛይም የሚሠራውን ጂን ከተለመደው በላይ በሆነ ቁጥር እንደተሸከሙ አገኘች። ስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ነው። ይህ ኢንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ነው። ለአንድ ሰሜን አውሮፓዊ ልጅ ለስላሳ የሆነ የኮዴይን መጠን ለእኛ ልጅ በድንገት ብዙ ሞርፊን ሊሆን፣ ትንፋሹን ሊያቆም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 የልጆችን መመሪያ ሲያወጣ ኮዴይንን ከደረጃው አወጣ፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይንም ትራማዶልም እንዳይሰጥ ከለከለ። ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም በኩል ነው የሚሠራው። አሁንም ግን በየወረቀቱ «ትራማዶል ግማሽ» ተብሎ ለስምንት ዓመት ልጅ ሲታዘዝ አያለሁ፤ ይህን ለሚያዝዙ ወጣት ባልደረቦቼ ነው የምጽፈው። በ2007 በ300 ጉዳት የደረሰባቸው ልጆች ላይ ፓራሲታሞል፣ ኢቡፕሮፌንና ኮዴይን ተነጻጽረው ያሸነፈው ኢቡፕሮፌን ነው። በየመድኃኒት ቤቱ ያለው፣ ርካሹ ኢቡፕሮፌን።

መድኃኒት ብቻም አይደለም። ጄሶ መፍቻውን መጋዝ የፈለሰፈው ሆመር ስትራይከር የተባለ የሚሺጋን አጥንት ሐኪም ነው፣ በ1940ዎቹ። ምላጩ አይሽከረከርም፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቆዳን ስለማይቆርጥ ድንቅ ፈጠራ ነው። (ሲግል ግን ያቃጥላል፤ ደጋግሞ ማቆም ነው።) ልጁ ግን ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው የእንጨት ቤት መጋዝን ነው። መጋዙን አስነሥቼ መጀመሪያ የራሴ መዳፍ ላይ አስነካዋለሁ፣ ቀጥሎ የአባቱ ላይ። ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም። ጓንት ነፍቶ ፊኛ ማድረግን ደግሞ ያስተማረችኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት።

በሌላ ጫፍ ፖንሴቲ አለ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የቁስለኞችን ስብራት ሲያክም የነበረው ይህ ሐኪም በኋላ አሜሪካ አይዋ ገብቶ የተቆለመመ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን በየሳምንቱ በሚለወጥ ጄሶ ማቃናት ጀመረ። መጨረሻ ላይ ብዙዎቹ ላይ የተረከዝ ጅማቱ በትንሽ ምላጭ ይለቀቃል፤ የሚሠራውም ቆዳውን ብቻ በማደንዘዝ ነው። ዛሬ በአገራችንም፣ አዲስ አበባ ያለውን የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ጨምሮ፣ የሚሠራበት ዘዴ ይኸው ነው። በዚህ ዘዴ ሕፃኑ ጄሶ ሲደረግለት ይጠባል። ጡት አፉ ውስጥ ያለ ሕፃን ሲዝናና እግሩም ይፈታል፤ የሐኪሙም ሥራ ይቀላል። እናቱን በር ውጪ አላስቀመጧትም ማለት ነው።

ጤና ሚኒስቴር ሕመምን እንደ ትንፋሽና ሙቀት ይለካ ብሎ «ከሕመም ነፃ ሆስፒታል» የሚለውን እንቅስቃሴ ከጀመረ ወዲህ በብዙ ካርዶች ላይ ለሕመም የሚሆን ሳጥን ገብቷል። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ወይም ሁሉም ልጅ «0» ነው። ፈገግታና ልቅሶ ያላቸው ስድስት ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ልጁ ግን አልጋ ላይ ነው፤ ከዚያ አይታየውም። እኔ በምሠራበት ክፍል ወረቀቱን ቀድደን በካርቶን ላይ ለጥፈን በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ አንጠልጥለናል። አንዱ አምስት ዓመት ልጅ «ይሄኛው ለምን ያለቅሳል? ማን መታው?» አለኝ። ውጤቱን እስካሁን አልነገረኝም።

ያን የድሮ ሬዚደንት ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ አገኘሁት። ሻይ እየጠጣን ስለ ሌሊቱ አነሣሁበት። ልጁን አላስታወሰውም። «ግን እንደዚያ ነበር የምንሠራው» አለ፤ ትንሽ ዝም ብሎም «የምትይው ልጅ ላይ አይደለም እንጂ አንዱ ላይ ነው ያቆምኩት። ልጄ ላይ» አለኝ። የገዛ ልጁ ክንድ ተሰብሮ ሌላ ሐኪም ሊያቃናው ሲል «ማደንዘዣ የለም ወይ?» ብሎ የጮኸው እሱ ራሱ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሳይወጋ ነክቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር አንዲት ስምንት ዓመት ልጅ በተመሳሳይ ስብራት መጣችልን። አባቷ ራስጌዋ ቆሞ፣ ኬታሚኑን ተማሪዬ በኪሎ አስልታ፣ ሌላዋ አምቡ ቦርሳውን ይዛ፣ ሬዚደንቱ አቃናው። ወደ ራሷ ስትመለስ አስታወከች፣ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ጣሪያውን እያየች ቆየችና ክንዷ ላይ የደረቀውን ጄሶ ሳታይ «ዶክተርዬ፣ መቼ ነው የምትስቡት?» አለችኝ።